የወንድሜ መልስ ሲዘገይ፦ ከሀንቲንግተን በሽታ ጋር ስንኖር ስለ ንግግር ያወቅነው

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ የሀንቲንግተን በሽታ ያለበት ሰው ላላቸውና ያ ሰው ከቀን ወደ ቀን ቃል እያጠረው ሲሄድ ለሚያዩ ነው። እኔ የነርቭ ሐኪምም የንግግር ሕክምና ባለሙያም አይደለሁም፤ የታላቅ ወንድሜ አስታማሚ ነኝ። ከእሱ በፊት አባታችን ያረፉት በዚሁ በሽታ ነው። ስለ ሀንቲንግተን ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ያለፈቃድ የሚወራጨውን እጅና እግር ነው። እኛን ግን ይበልጥ የከበደን የንግግሩ ነገር ነበር። እጁ ሲወራጭ ብርጭቆ ይሰበራል፤ ዝም ሲል ግን እሱ ራሱ ከመካከላችን የወጣ ይመስለን ነበር። አልወጣም። አሁንም ይሰማናል፣ ያስባል፣ የሚለው ነገር አለው። የሚለውን እንዴት እንደምናገኝ ነው የምነግራችሁ።

በሽታውን በአጭሩ ላስረዳ፤ ንግግሩ ለምን እንደሚታወክ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1872 በሽታውን በጽሑፍ በደንብ ከገለጸው አሜሪካዊ ሐኪም ከጆርጅ ሀንቲንግተን የመጣ ነው። መንስኤው በ4ኛው ክሮሞዞም ላይ ባለ አንድ ዘረመል ውስጥ ሲኤጂ የሚባሉ ሦስት የዘረመል ፊደላት ከልክ በላይ መደጋገማቸው ሲሆን፣ ዘረመሉ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ድግግሞሹ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው ዕድሜ ከሰጠው በሽታው ይመጣበታል፤ ከ36 እስከ 39 የሆነበት ሊይዘውም ላይይዘውም ይችላል። ከአባት ወይም ከእናት አንዳቸው ካለባቸው፣ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱ የሚጀምረው ከ30 እስከ 50 ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው፤ ከ20 ዓመት በፊት የሚጀምራቸውም አሉ። ቀድሞ የሚጎዳው አንጎል ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገኘው ስትሪያተም የሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል አንድን ነገር ለመጀመር፣ ተራ ለማስያዝ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገርና ለማቆም ያግዛል። መናገርም ይህንኑ ሁሉ ይጠይቃል።

ወንድሜ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ወሬ ሲይዝ ሰው ይከበዋል። መጀመሪያ የተለወጠው አጀማመሩ ነው። ሲጠየቅ ይመልሳል፣ ራሱ ግን ወሬ አያነሳም። ስልክ ሲደወልለት «አቤት፣ እሺ፣ ደህና» ብቻ ሆነ። ሰው ሲበዛ ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል፤ ሊናገር ሲዘጋጅ ሌላው ቀድሞት ወሬው ያልፋል። ያኔ እጁ ገና አይወራጭም ነበር። ጓደኞቹ ኮራብን አሉ፤ ባለቤቱ ቂም የያዘባት መሰላት፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሥራ ጠልቶ ነው ተባለ። የነርቭ ሐኪሟ ቆይተው እንዳስረዱን፣ በሀንቲንግተን በሽታ እንዲህ ያለው ለውጥ ከመወራጨቱ ቀድሞ ሊታይ ይችላል። በቤተሰባችሁ በሽታው ካለና አንድ ሰው ያለ ምክንያት ቁጥብ ከሆነ፣ ከመቀየማችሁ በፊት ይህን አስቡ።

አንድ ፈተና ብዙ ነገር አሳየን። ሐኪሟ «በአንድ ደቂቃ ውስጥ የምታውቃቸውን እንስሳት ሁሉ ጥራልኝ» አሉት። በግ፣ ላም፣ አንበሳ አለና ቆመ። ግንባሩን ቋጠረ፣ ወደ ጣሪያው አየ፤ ቆይቶ እንደገና «በግ» አለ። ደቂቃው አለቀ። ከዚያ ሐኪሟ ሥዕሎች እያወጡ ያሳዩት ጀመር። ቀጭኔውን፣ ኤሊዋን፣ አዞውን፣ ጃርቱን፣ አንድም ሳይስት በየስማቸው ጠራቸው። ባለቤቱና እኔ ተያየን። ጎተራው ሙሉ ነው፣ የሚያስቸግረው በሩ ነው። በአልዛይመር በሽታ የነገሩ ትርጉም ራሱ እየደበዘዘ ሊሄድ ይችላል፤ በሀንቲንግተን ግን ሰውየው የሚያውቀውን ነገር ማውጣት እያቃተው፣ ሲያየው ወይም ሲሰማው ግን ለረጅም ጊዜ ያውቀዋል። የምንጠቀምበት ዘዴ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ቤት ውስጥ አጠያየቃችንን ቀየርን። «ምን ትለብሳለህ?» ሲባል ያሉትን ልብሶች ሁሉ በሐሳቡ መፈለግ አለበት። «ጋሼ፣ ሰማያዊውን ሸሚዝ ነው ነጩን?» ሲባል ግን መልሱ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ተቀምጦለታል። ሁለቱንም ይዤ ካሳየሁት ደግሞ ሳይናገርም መጠቆም ይችላል። ሁለት ምርጫ ይበቃል፤ አራት አምስት ሲሆን የመጀመሪያው ይጠፋዋል። አንድ የምታስተውሉት ነገር ግን አለ። ሁልጊዜ በመጨረሻ የተጠራውን የሚመርጥ ከሆነ፣ የሰማውን የመጨረሻ ቃል እየደገመ ሊሆን ይችላል። ይህ ጥርጣሬ ሲገባኝ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ እጠይቀዋለሁ፤ ሁለቴም አንዱን ከመረጠ ምርጫው የራሱ ነው።

«አዎ»ና «አይ» ደግሞ ቁርጥ ያለ ምልክት ያስፈልጋቸዋል። በዚህ በሽታ ጭንቅላት ያለፈቃድ ይነቃነቃል፤ ስለዚህ መነቅነቁን እሺታ አድርጎ መውሰድ አደገኛ ነው፤ በተለይ ለሕክምና ፈቃድ ሲጠየቅ። እኛ ሁለት ወፍራም ካርዶች አሉን፣ አንዱ አረንጓዴ «አዎ»፣ ሌላው ቀይ «አይ»። እጁን ካርዱ ላይ አሳርፎ እስኪያቆየው እንጠብቃለን። ነካ አድርጎት ካለፈ አንቆጥረውም።

ከሁሉም በላይ ግን መጠበቅ ነው። ይህን ያየሁት እዚያው ሐኪሟ ክፍል ውስጥ ነው። «ሌሊት እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁት። ዝም አለ። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ አውራ ጣቱ ጭኑን ይመታል፣ ከንፈሩ ከፈት ይልና መልሶ ይገጥማል። ባለቤቱ ልትመልስለት ስትል ሐኪሟ በእጃቸው ምልክት አቆሟት። ጥያቄውንም አልደገሙም፤ እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው አዩት። ከተለመደው የወሬ ዝምታ በጣም የረዘመ ነበር። በመጨረሻ «እነቃለሁ» አለ። እኛ አለቀ ብለን ስናስብ እሳቸው አሁንም አልተናገሩም። «ስለ ልጆቹ... አስባለሁ» አለ። በሽታው ወደ ልጆቹ ይተላለፍ ይሆን የሚለውን ስጋቱን ባለቤቱ ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እሷ መልሳለት ቢሆን ኖሮ «ደህና ነው የሚተኛው» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ጥያቄ መድገም የሚጎዳበት ምክንያት አለው። እሱ የመጀመሪያውን እየፈታ ሳለ በሌላ አነጋገር ሲጠየቅ የጀመረውን ጥሎ ከአዲስ ይጀምራል። ሦስት ሰው በየተራ «ምን አልክ? ምን ፈለግህ? አመመህ?» ሲለው ሦስቱም ይጠፉበታል። ስለዚህ አንድ ሰው፣ አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ ዝምታ። ዝምታው ለኛ ይከብደናል፤ ለእሱ ግን የሥራ ሰዓቱ ነው። ቴሌቪዥኑና ሬዲዮው ይጥፋ። ልጆች ይህን ከአዋቂ ቶሎ ይማራሉ፤ የወንድሜ ትንሿ ልጅ አባቷን ጠይቃ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ ላያት፣ የሚያስተምራት ሰው እንኳ አላስፈለጋትም።

ስለ ዓረፍተ ነገርም ልናገር፤ ይህኛው በራሳችን ቋንቋ ካልታየ በሌላ የሚነገር ምክር ሁሉ አይገጥምም። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የወንድሜ ትንፋሽም ትኩረትም የሚያልቀው እዚያው መጨረሻው አካባቢ ነው። «መድኃኒቱን ለእሷ...» ብሎ ይቆማል። ሰጣት፣ አልሰጣትም፣ ይስጣት፣ አይስጣት፣ ሁሉም ያለው በቀረው ቁራጭ ውስጥ ነው። እንዲህ ሲሆን ከመነሻው እንዲጀምር አናስገድደውም፤ የያዝነውን መልሰን እንነግረውና የጎደለውን ብቻ እንጠይቀዋለን። «መድኃኒቱን ለእሷ። እሺ። ሰጠሃት?» በዚህ መንገድ የተናገረው አይባክንበትም።

እኛ ስንነግረውም እንደዚያው ነው። «ትናንት የመጣው ሰውዬ የሰጠህን ወረቀት ያስቀመጥክበትን ቦታ ታስታውሳለህ?» ማለት ሦስት ነገር እርስ በርስ አስሮ መስጠት ነው፤ እስከ መጨረሻው ሁሉንም ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። እኛ እንዲህ እንለዋለን፦ «ትናንት አንድ ሰውዬ መጣ። ወረቀት ሰጠህ። ወረቀቱ የት ነው?» በየመካከሉ ፋታ እንሰጣለን። እንደ ሕፃን ግን አናናግረውም። ድምፅን ማሞላቀቅ፣ ቃል ማቆላመጥ፣ መጮህ አያስፈልግም፤ የሚሰማው ጆሮው ደህና ነው፣ የሚያናግሩትም ትልቅ ሰውን ነው።

ዘወርዋራ ንግግር ሌላው ችግር ነው። «ይህ ክፍል አልሞቀም?» ብትሉት «ሞቋል» ይልና ይቀመጣል። መስኮቱ እንዲከፈት ከፈለጋችሁ «መስኮቱን ክፈተው» በሉት። አሽሙርም ቀልድም እንደተነገረው ነው የሚወስደው፤ የሰው ፊትም ላይ ቁጣን ወይም ቅሬታን ማንበብ እየከበደው ይሄዳል። የእሱም ፊትና ድምፅ ወጥ እየሆነ ስለመጣ፣ ሲደሰትም ሲያዝንም ከውጭ አንድ ሊመስል ይችላል። እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። በዚህ በሽታ ድባቴ በጣም የተለመደ ነው፣ ራስን የማጥፋት አደጋም ከፍ ያለ ነው፤ ቃል ያጠረው ሰው ደግሞ «ከፍቶኛል» ብሎ ላይነግራችሁ ይችላል። ምግብ መተው፣ እንቅልፍ መለወጥ፣ የሚወደውን ነገር መጥላት ከታየ ቃሉን ሳትጠብቁ ወዲያው ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ከዚያ በኋላ የመጣው የድምፁ መበላሸት ነው። ምላስ፣ ከንፈር፣ ጉሮሮና የመተንፈሻ ጡንቻዎችም እንደ እጅና እግሩ ያለፈቃድ ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ ቃል ይጮሃል፣ ቀጣዩ ይዋጣል፤ አንዱ ይቸኩላል፣ ሌላው ይጎተታል። በአማርኛ ጠብቆና ላልቶ በመነበብ የሚለዩ ቃላት ብዙ ስለሆኑ፣ የምቱ መዛባት ነገሩን ያጠፋዋል። «ሐኪሙ አለ» ሲለኝ፣ ሐኪሙ ተናገረ ይሁን ሐኪሙ መጥቷል ከድምፁ መለየት አልችልም። የምለየው ስለ ምን እያወራን እንደሆነ አስቀድመን ከተስማማን ብቻ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያው መጀመሪያ የመከሩንም ይህንኑ ነበር፦ ርዕሱ ይቅደም። ወንድሜ «ቤት»፣ «ልጆች»፣ «ሕመም»፣ «ሌላ» የሚሉ ቃላት የተጻፉበት ወረቀት አለው። መጀመሪያ አንዱን ይጠቁማል፣ ከዚያ ይናገራል። ርዕሱ ሲታወቅ ያው የተኮላተፈ ንግግር ስንት እጥፍ እንደሚገባ ካልሞከራችሁት አታምኑም።

ሌሎቹ የባለሙያው ምክሮችም ቀላል ናቸው። ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ረግጦ ይቀመጥ፤ ሰውነቱ ሲረጋ ድምፁም ይረጋል። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሦስት ቃል ይበልና ይተንፍስ። ከባድ ወሬ በጠዋት፣ ሳይደክም ይሁን። ወንድሜ ላይ የሠራው ይህ ነው፤ በሌላው ላይ ሌላ ሊሠራ ስለሚችል ባለሙያ ማየቱን አትዝለሉት፤ ደግሞም ንግግሩ ጨርሶ ሳይጠፋ በፊት ሂዱ። መወራጨቱን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፣ ቴትራቤናዚን አንዱ ነው። በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት ግን እስካሁን የለንም። ቴትራቤናዚን ሊያፈዝና ድባቴን ሊያባብስ ስለሚችል፣ መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ንግግሩም ስሜቱም እንዴት እንደሆነ መዝግባችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

አንዳንዴ አንድ ነገር ላይ ይጣበቃል። «መኪናው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ይመለስለታል፣ ወዲያው ይደግመዋል። ይህ ሆን ብሎ ማድረቅ አይደለም፤ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው መሻገሪያው ነው የተጎዳው። መልሱን በትልቅ ጽሑፍ ጽፈን ፊቱ እናስቀምጣለን፦ «መኪናው የሚመጣው 4 ሰዓት ነው»። ሲጠይቅ ጽሑፉን እናሳየዋለን። መቆጣትም መከራከርም አያስፈልግም። እንዲሁም «ምንም ችግር የለብኝም» ሲል እውነቱን ነው፤ በሽታው የራስን ለውጥ የማየት ችሎታንም ስለሚነካ፣ እኛ የምናየውን እሱ ላያየው ይችላል። «አለብህ» ብሎ ከማሳመን ይልቅ «ለእኔ ስል፣ በካርዱ አሳየኝ» ማለት ያግባባናል።

ስለ መዋጥ ሳልናገር አላልፍም፤ የሚናገሩት ጡንቻዎች የሚውጡትም ናቸው። ንግግሩ ሲኮላተፍ መዋጡም አብሮ መታየት አለበት። ሲበላ ማሳል፣ ከጠጣ በኋላ ድምፁ እርጥብ እርጥብ ማለት፣ ክብደት መቀነስ ምልክቶች ናቸው። ወደ ሳንባ የሚገባ ምግብና ፈሳሽ የሳንባ ምች ያመጣል፤ የሳንባ ምች ደግሞ በዚህ በሽታ ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። እየበላ አናወራውም። ወሬ ሁሉ ማዕዱ ከተነሳ በኋላ ነው። ይህ ሕግ ቤታችን ውስጥ ለእንግዳም አይሰበርም።

ገና መናገር እያለ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ለሚያነቡኝ ቤተሰቦች ከሁሉ አጥብቄ የምለው ይህን ነው። ወንድሜ ድምፁ ደህና ሳለ በስልክ ቀረጽነው። የልጆቹን ስም፣ ሰላምታውን፣ «ደክሞኛል»፣ «ተዉኝ»፣ «እወድሻለሁ» የሚሉትን በራሱ ድምፅ። ዛሬ የስልኩን ሥዕል ሲነካ የሚናገረው እሱ ራሱ ነው። ስለሚወደውና ስለሚጠላው፣ ስለሚያምነው ሰው፣ ሙዚቃ ሲከፈት የትኛው እንደሚሻለው የሚገልጽ ደብተር አብረን ጻፍን። ወደፊት መዋጥ ቢያቅተው በቱቦ መመገብን ይፈልግ እንደሆነ፣ እሱ በማይችልበት ጊዜ ማን እንዲወስንለት እንደሚፈልግ፣ በሐኪምና በሕግ ባለሙያ ፊት በራሱ አንደበት ተናግሮ ተጻፈ። ያን ውይይት ማንሳት ይከብዳል፤ ግን ጥያቄዎቹ መምጣታቸው አይቀርም፤ ሲመጡ ደግሞ መልሱ የእሱ ቢሆን ይሻላል። ሥዕልና ምልክት እየጠቆመ የሚግባባበትን ሰሌዳም ገና ሳያስፈልገው ነው የጀመርነው። አዲስ ነገር መልመድ በዚህ በሽታ እየከበደ ስለሚሄድ፣ ቀድሞ የለመደው ነው ኋላ የሚያገለግለው።

መንገድ ላይ ሰው ሰክሯል ይለዋል። አረማመዱ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ በዚያ ላይ መልሱ ይዘገያል። ኪሱ ውስጥ አንድ ካርድ አለ፦ «የሀንቲንግተን በሽታ አለብኝ። አልጠጣሁም። የምትሉኝ ይገባኛል። ለመመለስ ጊዜ እፈልጋለሁ። እባክዎ በዚህ ቁጥር ለቤተሰቤ ይደውሉ።» «የምትሉኝ ይገባኛል» የሚለው እንዲገባ የጠየቀው ራሱ ነው፤ ጣቱን እየደጋገመ ደረቱ ላይ እያሳረፈ «ጻፊው» ብሎኛል።

እኔም የአባታችን ልጅ ነኝ። ምርመራውን እስካሁን አላደረግሁም፤ ማድረግም አለማድረግም የእያንዳንዱ ሰው ውሳኔ ነው፤ ማንም ሊገፋው አይገባም፤ ከምርመራው በፊትም በኋላም የዘረመል የምክር አገልግሎት ማግኘት ተገቢ ነው። እንደኔ ያሉ እህት ወንድሞች አንድ ስም በጠፋባቸው ቁጥር ልባቸው እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። ስም ሁሉም ሰው ይጠፋበታል፤ ድካምም፣ ጭንቀትም፣ እንቅልፍ ማጣትም ያጠፋዋል። ከአንድ የጠፋ ቃል ተነስታችሁ በራሳችሁ ላይ አትፍረዱ። የሚያሳስባችሁ ነገር ከሰነበተ ሐኪም ይየው።

የመጨረሻው ሆስፒታል ስለመተኛት ነው። ወንድሜ አንድ ጊዜ በሳንባ ምች ሲተኛ፣ አልጋው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ስለ እሱ የሚጠይቁት እኛን ነበር። አሁን ቦርሳው ዝግጁ ነው፤ ሁለቱ ካርዶች፣ የርዕስ ወረቀቱ፣ ድምፁ ያለበት ስልክ ከነቻርጀሩ፣ ደብተሩና የውሳኔ ሰነዱ ኮፒ አሉበት። አልጋው ራስጌ የሚለጠፍ አንድ ገጽም አለ፦ ቀና ብሎ ተቀምጦ ይመገብ፣ ሲበላ አይናገር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፣ መልሱን ጠብቁ፣ ጭንቅላቱን መነቅነቁን እንደ መልስ አትቁጠሩ። ተረኛ ነርስ በተቀየረች ቁጥር ገጹን አሳይተን አንዴ ከእሱ ጋር እንድትሞክረው እንጠይቃለን፤ አንዴ ጠብቃ መልስ ያገኘች ነርስ ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው እሱን ነው።